የሜታል ዲቴክተር ዘንግ እንዴት ይጠገናል? ለእጅስ እንዴት ይመቻል?

«ዲቴክተሩ ይሠራል፣ ግን ክንዴን ጨረሰው።» «ዘንጉ ይነቃነቃል፣ ኮይሉም እንደፈለገው ይዞራል።» «የታችኛው ዘንግ ተሰበረ፣ ይጠገናል ወይስ ልጣለው?» እነዚህ ጥያቄዎች ቃላቸው እየተለያየ በተደጋጋሚ ይመጡልኛል። ለእያንዳንዱ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ ሙሉውን አንድ ላይ ልጻፈው። ለአዲስ ሰው፦ ሜታል ዲቴክተር መሬት ውስጥ ያለ ብረት ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ነው፤ ኮይሉ ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው፣ ብረቱን የሚሰማው ክፍል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ክንድን የሚያደክመው ጠቅላላ ኪሎው ብቻ አይደለም፤ ኪሎው የተቀመጠበት ቦታም ጭምር ነው። ውሃ የሞላ ባልዲን ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ኮይሉ ደግሞ የተሰቀለው እጅ ተዘርግቶ ከሚደርስበትም ርቆ ነው። ስለዚህ መጋዝና ኢፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) ከማንሳታችሁ በፊት በነጻ የሚስተካከለውን አስተካክሉ። ደረጃዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጥኳቸው ለዚህ ነው፤ አትዝለሏቸው።

በስም እንግባባ። የላይኛው ዘንግ የምለው እጀታው፣ የክንድ ማቀፊያውና ሳጥኑ (መቆጣጠሪያው ያለበት) የተቀመጡበትን ነው። መካከለኛው ዘንግ በብዙ ዲቴክተሮች ላይ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ፋይበር ነው። የታችኛው ዘንግ ኮይሉን የሚይዘው ሲሆን ፕላስቲክ፣ ፋይበር ግላስ ወይም ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ካርቦን ፋይበር ነው። እሱ ከብረት የማይሠራው ኮይሉ አጠገቡ የሚንቀሳቀስን ብረት ሁሉ ስለሚሰማ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለማስተካከል ብቻ ከሆነ፦

- ሜትር፣ ቢቻል ካሊፐር
- ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ
- ናስትሮ ወይም ቴፍሎን
- የቬልክሮ ማሰሪያዎች
- የቴኒስ ራኬት እጀታ መጠቅለያ ወይም የብስክሌት የውስጥ ጎማ
- ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ

ለጥገናና ለመቁረጥ ደግሞ፦

- ሁለቱ ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚሠሩ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ
- ብርጭቆ ወረቀት፣ 80፣ 120 እና 240 ቁጥር
- ጥርሱ የረቀቀ የብረት መጋዝ፣ ትንሽ ክብ ሞረድ
- ድሪልና ፑንታ (3 ሚሊሜትር እና የመጨረሻውን ልክ)
- ማጽጃ አልኮል፣ የወረቀት ፕላስተር
- ከውስጥ የሚገባ የፋይበር ግላስ ዘንግ ወይም ቱቦ
- የዓይን መነጽር፣ ጓንት፣ የአቧራ ማስክ

ማስጠንቀቂያ

ካርቦን ፋይበርና ፋይበር ግላስ ሲቆረጡ ወይም ሲፈተጉ የሚወጣው አቧራ ሳንባም ቆዳም ይጎዳል። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ከቤት ውጭ ሥሩ፣ የምትቆርጡበትን ቦታ በውሃ እያረጠባችሁ ቁረጡ። አቧራውን በአፍ እፍ አትበሉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ከመቁረጥና ከመብሳት በፊት ባትሪውን፣ ሳጥኑንና ኮይሉን ከዘንጉ አውርዱ። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ኮኔክተር (የኬብሉ መሰኪያ) ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

የኮይሉን ኬብል ፈጽሞ አትቁረጡ፣ አትቀጥሉም። ኮይሉ የተስተካከለው ከነኬብሉ ስለሆነ ርዝመቱን ስትለውጡ አሠራሩ ይዛባል። ከረዘመባችሁ ዘንጉ ላይ ጠቅልሉት።

ፋብሪካው ብረት መጠቀም ካቆመበት ቦታ በታች ምንም ብረት አትጨምሩ። ብሎንም፣ ሮንዴላም፣ ሽቦም አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ርዝመቱን ለራሳችሁ ቁመት አስተካክሉ

በተለምዶ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ክንዳችሁን በማቀፊያው ውስጥ አስገቡ፣ እጀታውን ያዙ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። በዚህ አቋቋም ኮይሉ ከፊታችሁ ከመሬት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ለማጎንበስ ከተገደዳችሁ ዘንጉ አጥሯል። ትከሻችሁ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ኮይሉ በጣም ርቆ ከሄደ ረዝሟል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማስረዘም ነው። ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ይመስለዋል። የሚያገኘው ግን የትከሻ ሕመም ነው። ቁጥሩን ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

ልኩን ስታገኙ መጋጠሚያው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ መገመት አይኖርም።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም ፍቱና እጠቡ

ሦስቱን ክፍሎች ለያዩ። በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ከውስጥም ከውጭም እጠቡ። ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቱቦውን ከውስጥ ወልውሉት። የሞላ ቁልፉን (ሲጫኑት የሚገባውን፣ ሲለቁት ቀዳዳው ላይ የሚወጣውን) ቀዳዳና የሚዞረውን መቆለፊያ በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ከዚያ በደንብ አድርቁ።

ይህን የማስቀድመው ብዙ ጊዜ «ተበላሸ» የሚባል ዘንግ አሸዋ ብቻ ስለሚሆን ነው። በሁለት ቱቦዎች መካከል የገባ አሸዋ ሲንቀሳቀሱ ይፍቃቸዋል፣ ክፍተቱም እየሰፋ ይሄዳል። መቆለፊያውን ደግሞ ያንሸራትተዋል።

ባሕር ዳር የምትሠሩ ከሆነ ይህ ደረጃ ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ይደገማል። አሉሚኒየም ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት ጨው የበላው ነው። አሉሚኒየምና ካርቦን ፋይበር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ደግሞ አሉሚኒየሙ በፍጥነት ይበላል፣ ሁለቱም ተጣብቀው አልላቀቅ ይላሉ። አንዴ ከተጣበቁ በፒንሳ አትታገሏቸው፤ ቱቦው ይጨፈለቃል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩ፣ የጎማ ጓንት አድርጉና በእጅ ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ አላቁ።

ግራሶ ወይም ዘይት አትቀቡ። አሸዋ ይሰበስባል፣ በፍትጊያ የሚይዘውንም መቆለፊያ እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ መነቃነቁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ዘንጉን መልሳችሁ ግጠሙና ቆልፉ። ኮይሉን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ጠርዞቹን በሁለት እግራችሁ ውስጠኛ ጎን በቀስታ ደግፉት፣ አትርገጡት። አሁን እጀታውን በአንድ እጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ አጣምሙ። የሌላውን እጅ አውራ ጣት ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ አድርጉ፣ ግማሹ ጣት ላይኛው ላይ፣ ግማሹ ታችኛው ላይ። ክፍተት ካለ አንዱ ቱቦ ከሌላው ቀድሞ ሲሄድ በጣታችሁ ቆዳ ላይ ይሰማችኋል፤ በዓይን የማይታይ ትንሽ ቅፍ የምትል ነገር ናት። ከላይ ጀምራችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እንዲህ ፈትሹ። በመጨረሻ ኮይሉን የሚይዘውን ብሎን ፈትሹ።

ይህን ሳታደርጉ ሁሉንም መጋጠሚያ ማጥበቅ የለባችሁም። የላላው አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ ደህነኛውን ታበላሻላችሁ።

ደረጃ 4፦ የላላውን መጋጠሚያ አጥብቁ

መቆለፊያው በሦስት ዓይነት ይመጣል፣ አያያዛቸውም ይለያያል።

*ተጣምሞ የሚቆለፍ።* ውስጡ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ፕላስቲክ አለ፤ ስታዞሩት እየሰፋ ቱቦውን ይይዛል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላም የሚንሸራተት ከሆነ ፕላስቲኩን ብቻ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ፈትጉት። የለሰለሰው ፊቱ ትንሽ ሲሻክር መያዝ ይጀምራል። ካልበቃ ፕላስቲኩ ላይ አንድ ዙር ቴፍሎን ጨምሩ።

*በምላስ የሚጠብቅ።* ምላሱ ጎን ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር አጥብቁ፣ ሞክሩ፣ እንደገና ሩብ። በአንድ ጊዜ ብዙ ካጠበቃችሁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ የካርቦን ቱቦ ከሆነም ይጨፈለቃል።

*የሞላ ቁልፍ ያለው።* ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ቁልፉን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሁለቱ ቱቦዎች ክፍተት ነው። በካሊፐር ለኩ። ለምሳሌ የውጭው ቱቦ ውስጡ 20 ሚሊሜትር፣ የውስጠኛው ቱቦ ውጩ 19.5 ሚሊሜትር ቢሆን ክፍተቱ 0.5 ነው። ናስትሮ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ይወፍራል፤ አንድ ዙር ሲጠቀለል ከሁለቱም ጎን ስለሚጨምር 0.3 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዙር ብቻ ይበቃል፣ ሁለተኛው አያስገባም።

ናስትሮውን በሁለት ቦታ ጠቅልሉ፦ አንዱ በውስጠኛው ቱቦ ጫፍ፣ ሌላው ሲገጠም ከውጭው ቱቦ አፍ ስር በሚውለው ቦታ። አንድ ቦታ ብቻ ካደረጋችሁ ዘንጉ በዚያ ነጥብ ላይ መወዛወዙን ይቀጥላል። ሁለት ነጥብ ሲሆን ነው ቀጥ የሚለው።

ናስትሮ ፀሐይ ላይ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ለጊዜው ይሁን፤ ልኩን ካገኛችሁ በኋላ ግን አንሱትና በዚያው ቦታ ቀጭን የኢፖክሲ ቀለበት ቀቡ፣ ሲደርቅ በ240 ወረቀት እየፈተጋችሁ እስኪገባ አስተካክሉት። ይህ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

የቁልፉ ቀዳዳ ራሱ ከክብነት ወጥቶ ሞላላ ከሆነ እሱን ለመሙላት አትድከሙ። 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ራቅ ብላችሁ አዲስ ቀዳዳ ብሱ። አበሳሱ ደረጃ 9 ላይ አለ።

ደረጃ 5፦ የኮይሉን ብሎንና የጎማ ሮንዴላዎች አስተካክሉ

ኮይሉ በራሱ የሚያዘነብል ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። አታጥብቁት። ኮይሉን አንግሉን ጠብቆ የሚይዘው ብሎኑ ሳይሆን በዘንጉ ጫፍና በኮይሉ ጆሮዎች መካከል ያሉት የጎማ ሮንዴላዎች ፍትጊያ ነው። እነሱ አልቀው ብሎኑን ስታጠብቁ ጫናው በሙሉ የሚያርፈው ጆሮዎቹ ላይ ነው። ጆሮው ሲሰበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ኮይል መቀየር ማለት ነው።

ብሎኑን ፍቱ፣ ሮንዴላዎቹን አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡ። ጎማው ካብረቀረቀ፣ ከደረቀ ወይም ከሳሳ ቀይሩት። እስክታገኙ ድረስ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በአሮጌው ልክ መቁረጥ ይቻላል፤ ጥሩ ይይዛል። ከዚያ ብሎኑን በእጅ ብቻ አጥብቁ። ልኩ ይህ ነው፦ ኮይሉን በእጅ ስትገፉት ይንቀሳቀሳል፣ ስትለቁት ባለበት ይቆማል።

ብሎኑና ዳዶው ፕላስቲክ መሆናቸው ለቁጠባ አይደለም። በብረት ብሎን ከተተካ ኮይሉ ራሱ ላይ ብረት ሰቀላችሁ ማለት ነው፤ የስሜቱ ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ሲንቀሳቀስም የሐሰት ድምፅ ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ኬብሉን በሥርዓት ጠቅልሉ

ዘንጉን ወደምትሠሩበት ርዝመት አውጡ፤ መጠቅለል የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከኮይሉ ጀምሩ። ኮይሉ ወደፊትና ወደኋላ ሲያጋድል ኬብሉ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ያለ ክፍል ተዉ። የመጀመሪያውን ዙር በዘንጉ ላይኛው ፊት አሳልፉት፣ ከዚያ በየ15 ሳንቲሜትሩ አንድ ዙር እየጠቀለላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ታች ላይ፣ መካከል ላይና ሳጥኑ አጠገብ በቬልክሮ እሰሩ።

ኮይሉ አጠገብ የተንጠለጠለ ኬብል ስትወዛወዙ አብሮ ይወዛወዛል፣ ዲቴክተሩም እሱን እንደ ዒላማ ይሰማዋል። «ያለ ምንም ነገር ይጮኻል» የሚለው ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የማስፈትሸው ይህን ነው። በሌላ በኩል በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቃችሁ ካሰራችሁት ውስጡ ያለው ሽቦ ይጎዳል። ቬልክሮ የመረጥኩት ስለማያንቅና ርዝመት ስትቀይሩ በቀላሉ ስለሚፈታ ነው።

ደረጃ 7፦ ክብደቱን ሚዛን አስይዙ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ዘንጉ እጀታው ላይ እንደሚሽከረከር ማንሻ አስቡት። ኮይሉ ከፊት ወደታች ይጎትታል፣ ኋላው ይነሳና ክንዳችሁን ከስር ይገፋል፣ ክንዳችሁ መልሶ ይጫነዋል። እጃችሁ የሚሸከመው የኮይሉን ክብደት እና ያንን ጫና አንድ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ኮይሉና የዘንጉ ጫፍ 600 ግራም ናቸው እንበል፣ ከእጀታው 100 ሳንቲሜትር ይርቃሉ። ማቀፊያው ከእጀታው 25 ሳንቲሜትር ወደኋላ ነው። 600 ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል ለ25፣ 2400 ግራም ይመጣል። ክንዳችሁ በ2.4 ኪሎ ይጫናል፣ እጃችሁ ደግሞ 600 ግራሙን ጨምሮ 3 ኪሎ ይሸከማል። ይህ ሳጥኑን ሳንቆጥር ነው። የ600 ግራም ኮይል እጅ ላይ 3 ኪሎ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ማስተካከያ ስንት እንደሚቀንስ ተመልከቱ፦

- ዘንጉን 10 ሳንቲሜትር ማሳጠር፦ እጅ ላይ ያለው 3 ኪሎ ወደ 2.76 ይወርዳል።
- ማቀፊያውን 5 ሳንቲሜትር ወደኋላ መግፋት፦ ወደ 2.6 ይወርዳል።
- ከእጀታው 45 ሳንቲሜትር ወደኋላ 400 ግራም ማሰር፦ ወደ 2.68 ይወርዳል።
- ኮይሉን በ400 ግራም ኮይል መቀየር፦ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል።

አያችሁ? ማቀፊያውን 5 ሳንቲ መግፋት ብቻ ከኋላ 400 ግራም ከመስቀል ይበልጣል፣ ምንም ክብደትም አይጨምርም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ርዝመት፣ ቀጥሎ ማቀፊያ፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ ኮይል፣ ተጨማሪ ክብደት መጨረሻ።

ማቀፊያው ግን ገደብ አለው። ከክርናችሁ 2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ መቀመጥ አለበት። ክርኑን ካለፈ ክንዳችሁን ማጠፍ አትችሉም፣ አጥንቱንም ይፈገፍጋል።

ከኋላ ክብደት መጨመር ካስፈለገ በ100 ግራም ጀምሩና ቀስ በቀስ ጨምሩ። ባትሪው ለብቻው የሚቀመጥና አምራቹ ከኋላ እንዲታሰር የፈቀደው ከሆነ እሱን ራሱን ወደኋላ ማዛወር ይመረጣል፤ አዲስ ክብደት ሳትጨምሩ ሚዛን ታገኛላችሁ። ልኩን ለማወቅ እጀታውን በአንድ ጣት ከስር ደግፋችሁ አንሱት። ኮይሉ ቀስ ብሎ ወደታች መውረድ አለበት። ሙሉ በሙሉ ሚዛን እስኪይዝ አትጨምሩ፤ ከፊትም ከኋላም የከበደ ዘንግ ስታወዛውዙት ለመነሳትም ለመቆምም ይቸገራል፣ ድካሙ ከክንድ ወደ እጅ አንጓና ትከሻ ይዛወራል።

ከባድ ዲቴክተር ከሆነ በዚህ አትልፉ። እንደ ማይንላብ ጂፒዜድ 7000 ያለ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን መሣሪያ በትከሻ በሚታሰር ማንጠልጠያና በሚለጠጥ ገመድ ነው የሚያዘው። ክብደቱ ከክንድ ወጥቶ ወገብና ጀርባ ላይ ያርፋል።

ደረጃ 8፦ እጀታውንና ማቀፊያውን ለሰውነታችሁ አመቻቹ

እጀታውን ስትይዙ የጣታችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ልክ ነው። ጣቶቻችሁ መዳፉ ውስጥ ከገቡ እጀታው ቀጥኗል፤ ቀጭን እጀታ ላለማምለጡ አጥብቃችሁ ትጨብጣላችሁ፣ እጅ የሚደነዝዘውም ከዚያ ነው። የቴኒስ ራኬት መጠቅለያ ከታች ወደ ላይ እያነባበራችሁ ጠቅልሉ። ቁልፎቹንና ድምፅ ማውጫውን አትሸፍኑ።

ማቀፊያው ውስጥ ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ ለጥፉ። ተራ ስፖንጅ ላብና ዝናብ ይጠጣና ይከብዳል፣ ይሸታልም። ክንዱ ላይ የቬልክሮ ቀበቶ አድርጉበት፣ አንድ ጣት ከስሩ እስኪገባ ድረስ ላላ አድርጉት። ቀበቶው ሲኖር ዘንጉ ከክንድ አይወጣም፣ እጃችሁም እሱን ለመጠበቅ አይጨነቅም። ለዚህ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ግምት አይሰጠውም፤ እኔ ግን ሳትሞክሩት አትለፉ የምለው እሱን ነው።

ደረጃ 9፦ መቁረጥና ቀዳዳ መብሳት

ዘንጉን እስከ መጨረሻው አሳጥራችሁትም ከረዘመባችሁ፣ ለልጅ ወይም አጠር ላለ ሰው የምታዘጋጁ ከሆነ ወደዚህ ኑ።

ቀዳዳና መቆለፊያ በሌለበት ጫፍ በኩል ቁረጡ። የምትቆርጡበት ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ፋይበሩ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልሉና ጠርዙ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም በእሱ ልክ አስምሩ። ካሰባችሁት 2 ሳንቲ አትርፋችሁ ቁረጡ፣ ግጠሙና ሞክሩ፣ ከዚያ ቀሪውን አንሱ።

ለቀዳዳው፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር በአንድ መስመር እንዲውል በቱቦው ርዝመት መስመር አስምሩ። መስመሩ ከሳተ ኮይሉ ወደ ጎን ያዘነብላል። ቱቦው ውስጥ ልኩ የሆነ ክብ እንጨት አስገቡ፣ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ፣ ከዚያ ከቁልፉ ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር በሚበልጥ ፑንታ አስፉት። እንጨቱ ቱቦው ከውስጥ እንዳይቀደድ ይደግፈዋል። የቀዳዳውን ጠርዝ ከውስጥም በክብ ሞረድ አለስልሱ፤ የቀረ ስለት ሌላውን ቱቦ ይቧጭራል። ቀዳዳው ከቱቦው ጫፍ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ጠርዙ ይገነጠላል።

ውሃ ውስጥ የምትሠሩበት ዘንግ ሁለት ጫፉ የተዘጋ ከሆነ ከላይና ከታች 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ውስጡ የታፈነው አየር ዘንጉን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ኮይሉን ታች ለማቆየት ትታገላላችሁ።

ደረጃ 10፦ የተሰበረን ዘንግ መጠገን

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለዩ። የታጠፈ አሉሚኒየም መልሳችሁ አታቅኑት፤ የታጠፈበት ቦታ ደክሟል፣ ስታቀኑት ወይም ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። እሱ ይቀየራል። የተሰበረ ፋይበር ግላስ ወይም ካርቦን ግን በደንብ ይጠገናል።

1. ሁለቱን ስባሪዎች ገጣጥማችሁ በስብራቱ ላይ የሚያልፍ መስመር በማርከር አስምሩ። ሲጣበቅ ጫፉ እንዳይጣመም መሪያችሁ ይህ መስመር ነው።
2. የተንጠለጠለውን ፋይበር ቆርጣችሁ አስተካክሉ።
3. ከውስጥ የሚገባውን ዘንግ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ በኩል የቱቦውን ውፍረት 3 እጥፍ መግባት አለበት። 20 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦ 6 ሳንቲ በአንድ በኩል፣ ጠቅላላ 12 ሳንቲ ማለት ነው። ካጠረ ሸክሙ ትንሽ ቦታ ላይ ተከማችቶ እንደገና ይሰበራል። ለታችኛው ዘንግ ፋይበር ግላስ ብቻ፣ አሉሚኒየም በጭራሽ።
4. ሳይለጠፍ ሞክሩት። እየተንሸራተተ፣ ግን ብዙም ሳይነቃነቅ መግባት አለበት። በግድ የሚገባ ከሆነ ሙጫውን ጠራርጎ ያወጣዋል፣ ደረቅ ይለጠፋል።
5. ሁለቱንም ፊት በ80 ወይም 120 ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ። ከዚያ በኋላ በእጅ አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ማጣበቂያውን ያዳክማል።
6. ኢፖክሲውን በመመሪያው ልክ ቀላቅሉ። በሁለቱም ፊት ቀቡ። እያዞራችሁ አስገቡ፤ ማዞሩ ሙጫውን ያዳርሳል፣ አየሩንም ያወጣል።
7. የማርከሩን መስመር አገናኙ፣ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድማችሁ እሰሩ፣ የተረፈውን ሙጫ ጥረጉ።
8. 24 ሰዓት አትንኩት። ብርድ ካለ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ኢፖክሲ ለዚህ አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ጥንካሬውም ውሃ መቋቋሙም ያንሳል፣ አስተካክላችሁ ሳትጨርሱም ይይዛችኋል። የብረት ዱቄት የተቀላቀለበት ኢፖክሲም አለ፤ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ኮይል አጠገብ አታድርጉት።

ኮይሉን የሚይዘው ሹካ መሰል ጫፍ ከተሰነጠቀና ሲነካ እንደ ሰም የሚያሙለጨልጭ ፕላስቲክ ከሆነ አትልፉ፤ እንደዚህ ያሉ ፕላስቲኮች ላይ ኢፖክሲ አይዝም። ጫፉን ብቻ ቀይሩ።

ደረጃ 11፦ መሞከር

ከኤሌክትሪክ መስመርና ከብረት ራቅ ብላችሁ ዲቴክተሩን አብሩ። ኮይሉን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል አንሱ። ዘንጉን በጣት ኳ ኳ አድርጉ፣ ኬብሉን ነቅንቁ፣ ኮይሉን ወደፊትና ወደኋላ አጋድሉ፣ በመጨረሻም እንደምትሠሩበት አወዛውዙ። ጸጥ ማለት አለበት። ኬብሉን ስትነኩ ከጮኸ ወደ ደረጃ 6፣ ኮይሉ ሲያጋድል ከጮኸ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ዘንጉን ኳ ስታደርጉ ከሆነ ኮኔክተሩ ላልቶ ይሆናል።

ከዚያ ቀላል ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ሥሩበት። የሚያምመው አንጓ ከሆነ እጀታው፣ ትከሻ ከሆነ ርዝመቱ፣ የክንድ አጥንት ከሆነ ማቀፊያው ነው መታየት ያለበት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሁሉን ነገር በአንድ ቀን መቀየር። አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን፤ አለዚያ የረዳችሁንና የጎዳችሁን መለየት አትችሉም።
- ዘንግ በሱፐር ግሉ መለጠፍ። ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ የሚወዛወዝ ነገር ላይ አይቆይም።
- ሲያሳጥሩ ወይም ሲያስረዝሙ ኬብሉን መርሳት። ዘንጉ ሲወጣ ኬብሉ ይወጠርና ኮኔክተሩን ይነቅለዋል።
- የካርቦን ቱቦን ሞርሳ ውስጥ ማጥበቅ። ድምፅ ሳያሰማ ውስጡ ይሰነጠቃል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙት ወይም ሁለት የተቦረቦሩ እንጨቶች መካከል አድርጉት።
- ዘንጉን እርጥብ እንደሆነ ሰብስቦና ቆልፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት። መቆለፊያዎቹን ፍቱ፣ ክፍሎቹን ለያዩ፣ ደርቀው ይደሩ።